ፋይበርግላስና ኮምፖዚት የመኪና ቦዲ ሲገጭ ምን ይሆናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የላሜራ ቦዲ ሲመታ ይሰረጎዳል፤ ጉዳቱ የት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ ማንም አይቶ ይናገራል። ፋይበርግላስ ግን ተመቶ ወደ ቦታው ሊመለስና ከጀርባው ተጎድቶ ሊቀር ይችላል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚነሡት ከዚሁ ልዩነት ነው። ለማሳያ ደጋግሜ የማነሣው የአሜሪካውን ኮርቬት ነው፤ ከ1953 ጀምሮ የውጭ ቦዲው ከኮምፖዚት ሲሠራ የኖረ መኪና በመሆኑ የዚህን ዕቃ ጠባይ ከእርሱ የተሻለ የሚያሳይ አላውቅም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፋይበርግላስ በትክክል ምንድን ነው? ኮምፖዚት ሲባልስ?

ፋይበርግላስ እጅግ ቀጭን የመስታወት ክር በሬዚን፣ ማለትም ፈሳሽ ሆኖ ተቀብቶ በሚደነድን ሙጫ መሰል ነገር፣ ተነክሮ ሲደርቅ የሚገኝ ነገር ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ ያስቡ፦ ጭቃው ብቻውን ይሰነጠቃል፣ ጭዱ ብቻውን አይቆምም፣ ተለውሰው ሲደርቁ ግን ግድግዳ ይሆናሉ። እዚህም ጉልበቱን የሚሸከመው ክሩ ነው፤ ሬዚኑ ክሩን ይዞ ቅርጽ ይሰጠዋል፣ ኃይልንም ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ያስተላልፋል። ለመኪና ቦዲ ብዙውን ጊዜ የሚውለው ፖሊስተር ሬዚን ነው።

ኮምፖዚት ሰፊው ስም ነው። ክሩ መስታወት፣ ካርቦን፣ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። በምሥራቅ ጀርመን ከ1957 እስከ 1991 ከ3 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ትራባንት ቦዲው የጥጥ ተረፈ ምርት በፊኖል ሬዚን ተጨምቆ የተሠራ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ 300 ኮርቬቶች በ1953 በሚቺጋን ግዛት ፍሊንት ከተማ የተገጣጠሙት በአብዛኛው በእጅ ሥራ ነው። ፋይበርግላስ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ለላሜራ መጭመቂያ የሚያስፈልጉት ግዙፍ የብረት ቅርጾች ለጥቂት መኪና ብለው የሚሠሩ ባለመሆናቸው ነው። ዛሬም በጥቂት ቁጥር የሚመረቱ መኪኖች፣ የአውቶቡስ የፊትና የኋላ ሽፋኖች፣ በከባድ መኪና ጋቢና ላይ የሚገጠሙ የንፋስ መከላከያዎች ከፋይበርግላስ የሚሠሩት ባብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሲመታ ለምን አይሰረጎድም?

ላሜራ ሲገፋ እስከ አንድ ደረጃ ድረስ እንደ ሞላ ይመለሳል። ያንን ደረጃ ሲያልፍ ግን ሳይሰበር ይለጠጣል፤ እንደተለጠጠም ይቀራል። ለቦዲ የሚውለው ለስላሳ ብረት ከመበጠሱ በፊት ከርዝመቱ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ሊለጠጥ ይችላል። ሥርጉድ የምንለው ይህንኑ ነው፤ ቀጥቃጩም መልሶ የሚያቃናው ብረቱ ሳይበጠስ ስለተለጠጠ ነው።

ፋይበርግላስ እንዲህ ያለ መካከለኛ ደረጃ የለውም። እየተለመጠ ይሄዳል፤ ኃይሉ ሲለቀው ይመለሳል፤ ከአቅሙ ካለፈ ይሰበራል። አጭር ክር በፖሊስተር የተሠራበት ተራ ፋይበርግላስ ከ2 በመቶ ብዙም ሳይለጠጥ ይበጠሳል። ስለዚህ በመኪና ማቆሚያ ቦታ ቀስ ብላ የነካችው መኪና ላሜራውን ሰርጉዳ ስትሄድ፣ ፋይበርግላሱ ግን ገብቶ ይወጣና ምንም ያልሆነ ይመስላል። ትንሽ ፈጠን ካለች ደግሞ ላሜራው ይበልጥ ሲሰረጎድ ፋይበርግላሱ ይቀደዳል።

በመካከሉ የሚሆነው ነገር ግን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ዋናው ጉዳይም እሱ ነው። መጀመሪያ ሬዚኑ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ስንጥቆች ይሞላል። ቀጥሎ ክሩ ከያዘው ሬዚን ይላቀቃል። ከዚያ አንዱ ንብርብር ከሌላው ይለያያል። በመጨረሻ ክሮቹ ራሳቸው ይበጠሳሉ። እያንዳንዱ እርምጃ ከግጭቱ ጉልበት የተወሰነውን ይበላል። ብረት ጉልበቱን በመታጠፍ ሲውጥ፣ ኮምፖዚት የሚውጠው በሺህ ቦታ በመሰንጠቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እርምጃዎች ሲያልቁም የውጭው ቅርጽ እንዳለ ሊቆይ ይችላል።

ከውጭ ምንም አይታይም። ታዲያ ደህና ነው ማለት ነው?

አይደለም፤ ከሁሉም በላይ ደጋግሜ የምናገረው ይህንን ነው። አንድ ሽፋን ከውጭ ሲመታ ወደ ውስጥ ይለመጣል። ሲለመጥ የውጭው ገጽ ይጨመቃል፣ የውስጡ ገጽ ይወጠራል። የሚሰነጠቀው የተወጠረው ነውና ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጀርባ ነው። ቀለሙን ብቻ አይቶ «ምንም አልሆነም» ያለ ሰው ያየው የተጨመቀውን ወገን ብቻ ነው።

ስለዚህ የውስጥ ሽፋኑን ፈትቶ ወይም ጎማውን አውልቆ በባትሪ ብርሃን ጀርባውን ማየት ያስፈልጋል። ቀለም ባልተጨመረበት ሬዚን በእጅ የተሠራ ከሆነ የተጎዳው ቦታ ነጣ ብሎ ደመና ይመስላል፤ ብርሃን በጥቃቅኖቹ ስንጥቆች ላይ ስለሚበተን ነው። በፋብሪካ በብረት ቅርጽ መካከል በመጭመቂያ የተሠሩት የፋይበርግላስ ሽፋኖች ግን ከመነሻቸው ግራጫ ወይም ጥቁር ስለሆኑ ይህ ምልክት አይታይባቸውም። ያኔ ጆሮን መጠቀም ነው። በሳንቲም ወይም በትንሽ መዶሻ እጀታ ከጤነኛው ቦታ ጀምሮ ቀስ እያሉ ማንኳኳት። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ፣ ያዝ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ንብርብሩ የተላቀቀበት ቦታ ድምፁ ይታፈናል። ከጀርባው የተጣበቀ ማጠንከሪያ ባለበት ቦታም ድምፁ ስለሚለወጥ፣ የተጠረጠረውን ወገን ካልተመታው ወገን ተመሳሳይ ቦታ ጋር ማወዳደር ይሻላል።

በአውራ ጣት ጫን ማድረግም ይረዳል። ተላቅቆ ከሆነ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይለዝባል፤ አንዳንዴም ሲጫኑት ጭርጭር የሚል ድምፅ ያሰማል።

ቀለሙ ላይ ኮከብ የመሰለ ስንጥቅ ወጣ። ማንም አልገጨኝም። ከየት መጣ?

ብዙ ጊዜ ከጎማዎ። ጎማ ያነሣው ጠጠር ፓራፋንጎውን ከውስጥ በኩል ሲመታ ውጥረቱ በተቃራኒው ይሆናል፤ የሚለጠጠው አሁን የውጭው ገጽ ነው። ፋይበርግላሱ ራሱ ሊቋቋመው ይችላል፤ በላዩ ያለው ጄልኮት የተባለው ጠንካራና ክር አልባ የሬዚን ሽፋን ወይም ቀለም ግን ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በየአቅጣጫው ይሰነጠቃል። የውስጥ ጭቃ መከላከያ በሌላቸው የድሮ የስፖርት መኪኖች ላይ ይህ የተለመደ ነው።

ኮከቡ ትንሽ ከሆነና ጀርባው ጤነኛ ከሆነ አደጋ የለውም። ነገር ግን በላዩ ቀለም ብቻ ቢረጩበት ይመለሳል። ስንጥቁ እስከ መጨረሻው ተፍቆ ካልወጣ አዲሱ ቀለም የድሮውን መስመር ተከትሎ ይሰነጠቃል።

የተመታው ጥጉ ነው፤ የተሰነጠቀው ግን ሌላ ቦታ ነው። ይህ እንዴት ይሆናል?

የቀደሙት ኮርቬቶች ቦዲ አንድ ወጥ አይደለም። ብዙ ክፍሎች ከጀርባቸው በቀጭን ማያያዣ ንጣፍ ላይ በማጣበቂያ ተገጥመው፣ መጋጠሚያው ተሞልቶና ተፍቆ አንድ መስሎ ነው ቀለም የሚቀባው። ፋይበርግላስ ስለማይታጠፍ የተቀበለውን ኃይል ባለበት አያስቀረውም፤ ያሻግረዋል። ኃይሉም ሄዶ ደካማ ቦታ ይፈልጋል፤ መጋጠሚያ፣ የቡሎን ቀዳዳ፣ የፋኖስ መክፈቻ ጥግ፣ የበር ማጠፊያ ዙሪያ። አፍንጫው በግራ በኩል ተነክቶ የላይኛው መጋጠሚያ በቀኝ በኩል ሊከፈት ይችላል።

ግምት የሚያወጣ ባለሙያ የተመታውን ቦታ ብቻ ፎቶ አንሥቶ ከሄደ ሥራውን አልጨረሰም። ከተመታው ጥግ ተነሥቶ የመጋጠሚያዎቹን መስመር መከተል፣ የበርና የኮፈን ክፍተቶች በሁለቱም ወገን እኩል መሆናቸውን መለካት፣ ቡሎኖች የገቡባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ማየት አለበት።

በከባድ አደጋ ጊዜ ከብረት መኪና ይልቅ አደገኛ ነው?

ይህን ጥያቄ በቁም ነገር እወስደዋለሁ፤ የሚጠይቁኝ ብዙዎች ልጆቻቸውን የሚያሳፍሩበትን መኪና እያሰቡ ነው። መልሱ ቦዲው ምን ሥራ እንደተሰጠው ይወሰናል።

በአብዛኞቹ የፋይበርግላስ መኪኖች የውጭው ሽፋን ልብስ ነው እንጂ አጥንት አይደለም። ኮርቬት ከሥሩ ጠንካራ የብረት፣ በቅርብ ዘመን ደግሞ የአሉሚኒየም ሻንሲ አለው፤ የግጭቱን ጉልበት የሚሸከመው እሱ ነው። በላሜራ መኪናም ቢሆን የፓራፋንጎው ቆዳ 0.7 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው ያለው፤ ከባድ አደጋን የሚያቆመው ከሥሩ ያለው መዋቅር እንጂ ያ ቆዳ አይደለም። «ላሜራው ወፍራም ነው፣ አይጎዳም» የሚለው የቆየ እምነት በዚህ ምክንያት አያስኬድም።

ኮምፖዚቱ ራሱ አጥንት ሆኖ ሲሠራ ደግሞ ጉዳዩ ይለወጣል። በ1981 ማክላረን ኤም ፒ 4/1 የተባለውን፣ ነጂው የሚቀመጥበት ገንዳ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ የፎርሙላ ዋን መኪና ይዞ ወጣ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ግትር ነገር በግጭት እንደ ብርጭቆ ይበተናል ብሎ ፈርቶ ነበር። በዚያው ዓመት በጣሊያን ሞንዛ የማክላረኑ ነጂ ጆን ዋትሰን በከባድ ፍጥነት ተጋጨ፤ ሞተሩ ከነኋላው ተገንጥሎ ሄደ፤ እሱ ግን ከገንዳው ወጥቶ በእግሩ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ቡድኖች ወደ ካርቦን ዞሩ።

ምሥጢሩ አሰባበሩ ላይ ነው። በትክክል የታቀደ የኮምፖዚት ቱቦ ከጫፉ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየደቀቀ ሲሄድ፣ ክብደት ለክብደት ሲወዳደር ከብረት የበለጠ ጉልበት መዋጥ ይችላል። ያልታቀደበት ከሆነ ግን አንድ ቦታ ተሰብሮ ያበቃል። ከ2013 እስከ 2022 በጀርመን ላይፕሲሽ የተሠራው ቢ ኤም ደብሊው አይ 3 ሁለቱን ለያይቶ ነበር የሚጠቀመው፤ ተሳፋሪው ያለበት ክፍል ካርቦን፣ ከሥር ግጭቱን የሚቀበለው አሉሚኒየም፣ የውጭ ሽፋኑ ደግሞ ተራ ፕላስቲክ።

ጋራዥ ውስጥ በልምድ በእጅ ተሠርቶ መዋቅራዊ ክፍልን የተካ ፋይበርግላስ ግን የተለየ ነገር ነው። ኮፈን ወይም ፓራፋንጎ ቢሠሩበት ግድ የለም። የመቀመጫ ማሰሪያ፣ የቀበቶ መያዣ ወይም የሻንሲ አካል በዚህ መንገድ መሥራት ግን በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

ካርቦን ፋይበር ከፋይበርግላስ ይልቅ ግጭት ይችላል?

ግትርነቱ ይበልጣል፤ የካርቦን ክርን ለመለጠጥ ከመስታወት ክር ሦስት እጥፍ ገደማ ኃይል ይጠይቃል። በግጭት ጊዜ ግን ይህ ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም። የመስታወት ክር ከመበጠሱ በፊት ከካርቦኑ በሦስት እጥፍ ያህል ሊለጠጥ ስለሚችል ቀላል ምትን የተሻለ ይታገሣል። ለኮፈን ወይም ለጣሪያ ካርቦን የሚመረጠው ክብደት ለመቀነስ ነው። የተሰወረ ጉዳት ስጋትም በካርቦን ይብሳል፤ ጥቁር ስለሆነ አይነጣም።

የቶዮታዬ ፓራውልት ፋይበርግላስ ነው?

ፋብሪካ የገጠመለት ከሆነ ፋይበርግላስ ላይሆን ይችላል ብቻ ሳይሆን፣ በርግጥም አይሆንም ማለት ይቻላል። የዛሬ መኪኖች የፓራውልት ሽፋን በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን የተባለ ሲሞቅ የሚለሰልስ ፕላስቲክ ነው። ልዩነቱ በኪስዎ ላይ ይታያል። ፖሊፕሮፒሊን ሲሰረጎድ የፈላ ውኃ አፍስሶ ከጀርባ በመግፋት ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ሲቀደድም በሙቀት ይበየዳል። ፋይበርግላስ አንዴ ከደረቀ ሙቀት አያለሰልሰውም፤ የፈላ ውኃ ምንም አይጠቅመውም፤ አይበየድምም። በተቃራኒው የፋይበርግላስ ሬዚንና ስቱኮ ፖሊፕሮፒሊን ላይ አይዝም፤ ጥቂት ቆይቶ ተላጦ ይወድቃል።

ለመለየት ጀርባውን ይዩ። ክር ከታየ፣ ሸካራ ከሆነ፣ ሲጫኑት ግትር ከሆነ ፋይበርግላስ ነው። ለስላሳና እንደ ጎማ ተለማጭ ከሆነ ሌላው ነው። በፋብሪካ የተሠራው ላይ የፕላስቲኩ ዓይነት በፊደል ታትሞ ይገኛል።

ኮርቬትም ራሱ ለቀላል ግጭት ፋይበርግላስ እንደማይበቃ በሕግ ተገዶ ተቀብሏል። አሜሪካ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ግጭትን የሚቋቋም ፓራውልት ስትጠይቅ የ1973ቱ የፊት አፍንጫ፣ የ1974ቱ የኋላ ጫፍ ዩሬታን የተባለ ተለማጭ ፕላስቲክ ለብሰው ወጡ።

ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት አይበቃም?

አይበቃም። ስቱኮ ክር የለውም፤ የሚሞላው ጉድጓድ ነው እንጂ የተበጠሰ ክር አይቀጥልም። በአውቶቡስ ፊት ላይ ተሞልቶ ሲያብረቀርቅ የወጣው ስንጥቅ መንገዱ ትንሽ ካንገጫገጨው በዚያው መስመር ተመልሶ የሚከፈተው ለዚህ ነው።

ትክክለኛው ጥገና የተበጠሰውን ክር በአዲስ ክር መተካት ነው። የተላቀቀው በሙሉ፣ ድምፁ ጥርት እስኪል ድረስ፣ ይፋቃል። ከዚያ ዳሩ ቀስ እያለ እንዲሳሳ ይሞረዳል፤ የተለመደው መጠን ከውፍረቱ እስከ 12 እጥፍ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ለሆነ ሽፋን በእያንዳንዱ ወገን 36 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ብዙ ጋራዥ የሚቆጥበው ይህንን ነው፤ የጥገናው ጥንካሬ ያለውም እዚሁ ስፋት ላይ ነው። አዲሱ ሬዚን ከደረቀው ከድሮው ጋር በኬሚካል አይዋሐድም፤ በሻካራው ገጽ ላይ ተጣብቆ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ሰፊ ገጽ ይፈልጋል። በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ አቧራውና ቅባቱ ጸድቶ፣ ንጣፉ ከጀርባና ከፊት ንብርብር በንብርብር ይለጠፋል፤ አየር እንዳይቀር በሮለር ይጨመቃል። ስቱኮ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ በስሱ፣ ለማስተካከል ብቻ ነው።

በመጭመቂያ ለተሠሩት የቅርብ ዘመን ኮርቬቶች ተራ ፖሊስተር በደንብ አይዝም፤ ኢፖክሲ ወይም ለዚያ የተዘጋጀ ማጣበቂያ ይፈልጋሉ። ኢፖክሲ ሲጠቀሙ ደግሞ አጭር ክር የተነጠፈበትን ማት ሳይሆን የተሸመነውን የመስታወት ጨርቅ ይምረጡ፤ የማቱ ክሮች የተያዙበት ማጣበቂያ የሚሟሟው በፖሊስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን በተባለው ፈሳሽ ነው።

ሥራው ላይ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

የሚሠሩት ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማስክ ስለሚሠሩ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። የፋይበርግላስ ብናኝ ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይንና ሳንባ ያስቆጣል። የጨርቅ ማስክ ብናኙን በአግባቡ አያግድም፣ የስታይሪንን ጭስ ደግሞ ፈጽሞ አያቆምም፤ ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። የፖሊስተር ማድረቂያው ፈሳሽ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ስለሚችል መነጽር ግዴታ ነው። ማድረቂያውና ኮባልት የተባለው ማፍጠኛ ለብቻቸው ከተገናኙ በኃይል ሊነድዱ ወይም ሊፈነዱ ይችላሉ፤ አንዱ በሬዚኑ ውስጥ በደንብ ከተለወሰ በኋላ ብቻ ነው ሌላው የሚጨመረው።

አየሩም ይወስናል። ፖሊስተር ከ15 ዲግሪ በታች በቅጡ አይደርቅም። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ማለዳ የተለጠፈ ሥራ ከላይ የደረቀ መስሎ ከውስጥ ለስላሳ ሊቀር ይችላል፤ እርጥበት የነካው ንጣፍም ሬዚኑን በደንብ አይዝም። ማድረቂያ በብዛት መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ ይግላል፣ ይሰባበራል። ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ መሥራት ይሻላል።

ከአደጋ በኋላ ስብርባሪውን በእጅ ማንሣት ይቻላል?

ጓንት ካለ ብቻ። የተሰበረው ዳር ላይ የወጡት ክሮች መርፌ ናቸው፤ ቆዳ ውስጥ ገብተው ይሰበራሉ። ቁርጥራጮቹን ግን አይጣሏቸው። አንድ ላይ ተገጣጥመው የቀድሞውን ቅርጽ ይመልሳሉ፤ ዕቃው በማይገኝበት አገር ጥገናው በእነሱ ላይ ይመሠረታል።

ያገለገለ ኮርቬት ልገዛ ነው። ተመቶ እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

አሜሪካ ያሉ ወገኖች በብዛት የሚጠይቁኝ ነው። ማግኔት አይረዳዎትም፤ ጤነኛውም የተጠገነውም አይስበውም። ኮፈኑን ከፍተው የሽፋኖቹን ጀርባ ይዩ። በብረት ቅርጽ መካከል ተጨምቀው የወጡ ሽፋኖች ሁለቱም ገጻቸው የተስተካከለ ነው፤ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ሸካራ ጨርቅና የፈሰሰ ሬዚን ካዩ እዚያ በእጅ ተሠርቷል። የተሠራ መሆኑ መጥፎ አይደለም፤ ሻጩ ሳይነግርዎት መቅረቱ ነው የሚያጠያይቀው። በፀሐይ ብርሃን አግድም ከመጋጠሚያዎቹ መስመር ጋር ዓይንዎን አስተካክለው ይመልከቱ፤ ያልተስተካከለ ሞገድ ካለ ይጠይቁ።

ከ1963 እስከ 1982 ከተሠሩት አንዱ ከሆነ ደግሞ ቦዲው አይዝግም በሚለው አይጽናኑ። በንፋስ መስታወቱና በበሮቹ ዙሪያ ከፋይበርግላሱ ሥር ያለው የብረት ክፈፍ ይዝጋል፤ የዛገ ክፈፍ ላይ የተጣበቀ ሽፋን በትንሽ ግጭት ይለቃል። የውስጡን የንፋስ መስታወት ዳር ሽፋን አስፈትተው ማየት ከመክፈልዎ በፊት የሚጠይቁት ነገር ነው፤ አላስፈታም የሚል ሻጭ ካለ መኪናውን ይተዉለት።